ሥዕሉ ለጨረታ ሲወጣ የት ነበርን?

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተባለ ምን አለ? አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጻፉ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ላይ አወጣቸው። ዓይናችን ሁሉ ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ላይ ነበር። ሽጉጡ ከጮኸ በኋላ ከመቅደላ ምን ተጭኖ ወረደ ብሎ ዱካውን እስከ ለንደን የተከተለ የአማርኛ ልብ ወለድ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህ ያንገበግበኛል።

ኵርዓተ ርእሱን እንውሰድ። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ነገሥታቱ ሲዘምቱ አብሯቸው ይዘምት ነበር። የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው ቢባልም ሠዓሊዎቻችን እየደጋገሙ ቀድተው የራሳችን አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ጦር ሲሸነፉ ሥዕሉም ተማረከ። ጎንደር ግን ዝም አላለችም፤ ወርቅ ከፍላ አስመለሰችው።

በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ ብራና በብራና ላይ ሲሰበስብ፣ ይህን ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ዐፄ ዮሐንስ በነገሡበት በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ወደ እንግሊዝ መምጣቱንም እንጠራጠራለን የሚል መልስ መጣ። ሆምስ ያን ጊዜ የት ነበር? እዚያው ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ!

ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? አንዱ ዘመን መቅደላ፣ ሌላው ዘመን ለንደን፤ መካከላቸው አንድ ሥዕልና አንድ የተደበቀ እውነት። አውስትራሊያዊቷ ጀራልዲን ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ልብ ወለድ በሳራዬቮ ስለሚገኝ ጥንታዊ የአይሁድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የምትጠግነው ሴት በገጾቹ መሃል የነፍሳት ክንፍ፣ የወይን ጠጅ እድፍና ነጭ ፀጉር ታገኛለች፤ እያንዳንዱ ወደ ኋላ ወደ አንድ ዘመን ይወስደናል። እኛ ዘንድ ይህ ሞልቶ ተርፏል። ብራናችንን ብትገልጡ የተቀደደው በጅማት ተሰፍቶ፣ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዘሎ ሲጽፍ ታያላችሁ። አንዳንዱ ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ገብቶበታል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ዘመን ተቀምጦልናል፤ አንሺ አጣ እንጂ።

የልብ ወለድ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሥዕሉ ተደብቆ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1905 ፎቶው በለንደን የታወቀ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታተመ። ሆምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። በ1924 ራስ ተፈሪ ለንደን ገብተው ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ የቴዎድሮስ ዘውድ ተመልሶልናል። ስለ ዘውዱ የሚያወራ ሰው ነበረና! ከ1936 ጀምሮም እኚሁ ራስ ተፈሪ፣ አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ባዝ ከተማ በስደት ዓመታት ተቀምጠዋል፤ ሥዕሉ እዚያው እንግሊዝ አገር በግለሰብ እጅ ነበር። በ1950 እንደገና ክሪስቲስ ቀረበ። ያን ጊዜ ነፃ አገር፣ ዘውድና ግምጃ ቤት ነበረን። ሥዕሉ ግን ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

ተረት ያልወጣለት ቅርስ ፈላጊ የለውም። የአማርኛ ልብ ወለድ ከተጀመረ ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ በየቤቱ የሚነበብ፣ ተማሪ በቃሉ የሚያወጋው ቢሆን ኖሮ፣ የጨረታውን ዝርዝር አይቶ «ይህ የእኛ ነው!» የሚል አንድ ሰው በተገኘ ነበር። ሽጉጡን ሕፃን ያውቀዋል፤ ሥዕሉን ግን አዋቂውም ሲጠሩለት ግራ ይገባዋል።

አሁን ቅርሳችን ይመለስ እያልን የምናሰማው ጩኸት ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሥዕል ሲሆን ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል። የሆምስ ሌብነት ያናድደኛል፤ የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። ከስናር በወርቅ ያስመለሱት ሰዎች ልጆች፣ ሥዕሉ በአደባባይ ሁለት ጊዜ ለገበያ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ገዝቶት ሲሄድ መቅረታችን ነው የሚቆጨኝ።