አንቀጽ ማለት በር ማለት ነው

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ሐሳቡን ለሌላ ሰው የሚያካፍልበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በቃል ነው፤ ሁለተኛው በጽሑፍ ነው። በቃል የሚናገር ሰው የአድማጩን ፊት እያየ ይናገራል። አድማጩ ግንባሩን ቢቋጥር ነገሩን ደግሞ ያስረዳል፤ ቢያዛጋ ያሳጥራል። የሚጽፍ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ወረቀቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ አንባቢው ቢደናገር፣ ቢሰለች ወይም ነገሩን አጣሞ ቢረዳ ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ ሊያቀናለት አይችልም። ስለዚህ በጽሑፍ የሚናገር ሰው ነገሩን አስቀድሞ በሥርዓት ማሰናዳት ይኖርበታል። የዚህም ሥርዓት መጀመሪያው አንቀጽ ነው።

ክቡራን አንባቢያን፣ ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ለመናገር የተነሣሁት በቂ ዕውቀት አለኝ ብዬ አይደለም። የአማርኛ አስተማሪያችን በአራት ክፍሎች ያስተምራሉ፤ በእያንዳንዱም ክፍል 58 ተማሪዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጡ 232ቱን ደብተር አርመው ለመጨረስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ምክንያት በዘንድሮው የትምህርት ዓመት ከሥነ ጽሑፍ ክበብ አራት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን መርጠው፣ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የ9ኛ ክፍል ልጆችን አንቀጽ መጻፍ እንድናለማምድ አዘዙን። ለእኔ 24 ልጆች ደረሱኝ። ከዚህ በታች የምተርከው ከእነዚህ ልጆች ጋር ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን ራሳቸው መጥተው «አንቀጽ» የሚለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና ትርጉሙን ጠየቁ። ልጆቹ «የጽሑፍ ክፍል ነው» አሉ። «ደግ ብላችኋል፤ ነገር ግን ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ በግዕዝም በር ማለት ነው» አሉን። እኔም ከዚያ ወዲህ ቃሉን በየቦታው ስመለከት ብዙ ሥራ ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጾች የተከፈለ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች አሉት። በሰዋስው ትምህርትም ዐረፍተ ነገሩን የሚደመድመው ግስ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን በብራና ላይ ሲጽፉ የምዕራፉን መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይለዩት ነበር፤ አንቀጽንም ከአንቀጽ የሚለይ ፨ የሚባል ምልክት አለን። ይህ ሁሉ የሚያሳየው አንባቢ የሚገባበትን በር ማበጀት ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው።

በር ያለው ቤት ምን ይመስላል? አንደኛ፣ በሩ ከፊት ለፊት ይታያል። ሁለተኛ፣ በዚያ በር የሚገባ ሰው ወደ አንድ ቤት ይገባል እንጂ ግማሽ እግሩን ጎረቤት አያሳርፍም። ሦስተኛ፣ ከገባ በኋላ ባዶ ወለል አይጠብቀውም፤ የሚቀመጥበትና የሚቀምሰው ነገር ያገኛል። አንቀጽም እንደዚሁ ነው። ከፊቱ የሚቆመውን በር በትምህርታችን ኃይለ ቃል እንለዋለን፤ ይኸውም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዐረፍተ ነገር ነው። ሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ይህንኑ ሐሳብ ያብራራሉ፣ ያስረዳሉ፣ በምሳሌ ያጸናሉ። ከሐሳቡ ውጭ የሆነ ዐረፍተ ነገር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን የዚያ ቤት ሰው አይደለም።

ኃይለ ቃል በአንቀጹ መካከል ወይም መጨረሻ ሊመጣ እንደሚችል መጻሕፍታችን ያስተምሩናል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ለጀማሪ፣ በተለይም በአማርኛ ለሚጽፍ ጀማሪ፣ ከፊት ቢያስቀምጠው የሚበጅ ይመስለኛል። ምክንያቱም ቋንቋችን ራሱ አንባቢን የሚያስጠብቅ ቋንቋ ነው። «እናቴ ትናንት ከገበያ ገዝታ ያመጣችውን ዶሮ ጎረቤታችን…» ብዬ ባቆም፣ ጎረቤታችን ዶሮውን አረደችው፣ ሸጠችው ወይስ አባረረችው? ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። አንባቢ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ከጠበቀ፣ የአንቀጹንም ሐሳብ እስከ መጨረሻ ማስጠበቅ ሸክም በሸክም ላይ መደረብ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ረቡዕ «ስለ ባሕር ዛፍ አንድ አንቀጽ ጻፉ» አልኳቸው። አንዲት ተማሪ የሚከተለውን ጻፈች፦

«ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። አያቴ አገር ቤት ብዙ ባሕር ዛፍ አላቸው። ዛፍ መትከል ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ቅጠሉ ለጉንፋን ይታጠናል። አዲስ አበባ ውስጥም ብዙ አለ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ዛፍ መትከል አለበት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሆሄ ግድፈት የለም፤ ሐሰትም የለም። ሆኖም አንባቢው ከአውስትራሊያ ወደ አገር ቤት፣ ከአገር ቤት ወደ ጉንፋን፣ ከጉንፋን ወደ አዲስ አበባ ሲሮጥ ውሎ አንድም ቤት ሳይገባ ይመሻል። በመጨረሻ ላይ «ስለዚህ» የሚል ቃል አለ። «ስለዚህ» ግን ዕዳ ያለበት ቃል ነው፤ ከበፊቱ የተነገረው ነገር ከኋላ የሚመጣውን ሊሸከም ይገባል። ብዙ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን ነግሮን «ስለዚህ ትከሉ» ቢለን ማን ይቀበለዋል?

ልጅቱን «ከእነዚህ ሰባት ዐረፍተ ነገሮች አንቺ ብቻ የምታውቂው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «የአያቴ ዛፍ» አለች። «እንግዲያውስ በሩ እርሱ ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ረቡዕ ይህን ይዛ መጣች፦

«ባሕር ዛፍ ለአያቴ የቁጠባ ሣጥናቸው ነው። በማሳቸው ዳር የተከሉትን ዛፍ፣ ገንዘብ ሲቸግራቸው ቆርጠው ለቤት መሥሪያ ይሸጡታል። ጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ዳግመኛ መትከል አያስፈልጋቸውም። ጥቂት ዓመታት ከታገሡ በኋላም ከዚያው ጉቶ ሌላ አጣና ያገኛሉ። ስለዚህ እህል በከፋበት ዓመት እንኳ ለልጆቻቸው የደብተር መግዣ አጥተው አያውቁም።»

ልጆቹ በሙሉ አጨበጨቡላት። እርሷ ግን ቅር ብሏት ነበር። «ቅጠሉ ለጉንፋን መታጠኑስ እውነት አይደለም ወይ? ለምን ይቀራል?» አለች። ጥያቄዋ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ብዙዎቻችን አንቀጻችንን የምናበላሸው የምናውቀውን እውነት ሁሉ ስለምንሳሳለት ነው። ያዘጋጀነው መልስ ባይኖርም ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ሌላ ቤት ሥሪለት» ብሎ መለሰላት። እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። አንድ እውነት ከአንድ አንቀጽ ቢወጣ አልተጣለም፤ የራሱን በር እየጠበቀ ነው።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ጨዋታ እንጫወት ነበር። አንድ ቡድን አምስት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ይጽፍና እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በመቀስ ቆርጦ ያደባልቀዋል። ሌላው ቡድን ቁርጥራጮቹን ወስዶ በቅደም ተከተል ይደረድራል። ድርድሩ እንደ መጀመሪያው ከመጣ ዐረፍተ ነገሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል ማለት ነው። እንደ ፈለጉ ቢገለባብጡት ምንም የማይለወጥ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተደረደረ ድንጋይ እንጂ ግንብ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ልጆቹ «ነገር ግን»፣ «ከዚህም በቀር»፣ «ይኸውም» የሚሉት ቃላት ጌጥ አለመሆናቸውን በእጃቸው ዳስሰው ዐወቁ። መቀስና ወረቀት ብቻ ስለሚጠይቅ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሞከር ይችላል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንደ ሆነ በምርጫ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ በፈተናው ላይ መልስ እንመርጣለን እንጂ አንቀጽ አንጽፍም። ነገር ግን ከፈተናው አዳራሽ ውጭ ያለው ኑሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ አማራጭ አያቀርብም። ለዚህም ምስክር የሚሆነኝን ነገር በባለቤቱ ፈቃድ እተርካለሁ።

ከ24ቱ ልጆች አንደኛው ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አባቱ ሞተውበታል። እናቱ የተተኪ ጡረታ አበል ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ማመልከቻውን የጻፈላቸው አንድ ዘመድ ሲሆን አራት ገጽ ሙሉ ነበር። በሰላምታ ይጀምርና ጋብቻቸውን፣ የባለቤታቸውን ደግነት፣ ሕመማቸውን፣ የሐኪም ቤቱን ወጪና የለቅሶውን ሁኔታ እያስከተለ፣ የሚጠይቁትን ነገር በአራተኛው ገጽ ግርጌ ያነሣል። ሠራተኛው ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ «እመቤት፣ ምን እንዲደረግልዎት ነው የሚፈልጉት? ግልጽ አድርገው ጽፈው ይምጡ» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የዘመዳቸው አጻጻፍ ከባሕላችን የራቀ አልነበረም። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው አስቀድሞ ሰላምታ ያቀርባል፣ ታሪኩን ይዘረዝራል፣ ጉዳዩን በመጨረሻ ያነሣል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚሰሙበት ጊዜ ስላላቸው ይህ ጨዋነት ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሠራተኛ ግን ከፊቱ ረጅም ሰልፍ ቆሟል። ለእርሱ ጨዋነት የሚሆነው በሩን ከፊት ማሳየት ነው።

ልጁ በዚያው ምሽት ደብተሩን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ባለቤቴ በሞት ስለ ተለየኝ በሕግ የሚገባኝ የተተኪ ጡረታ አበል እንዲከፈለኝ አመለክታለሁ። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ላይ 22 ዓመት አገልግሏል። ያረፈውም ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ነው። የጋብቻችንን፣ የሞቱንና የልጆቻችንን የልደት ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ። የጎደለ ማስረጃ ካለ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ሲያነብላቸው እናቱ አለቀሱ። «ልጄ፣ ሐዘኔን ሁሉ አወጣኸው እኮ!» አሉት። እርሱም «እማዬ፣ ሐዘኑን ለእኛ ንገሪን፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን እንንገረው» አላቸው። በማግስቱ ሠራተኛው ወረቀቱን ቆሞ አነበበውና አንድ ማስረጃ መጉደሉን ነገራቸው፤ እርሱን ባመጡ ጊዜም መዝገብ ተከፈተላቸው። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው። አንቀጽ ገንዘብ አያስወስንም፤ ለባለጉዳይ ግን ጆሮ ያስገኝለታል።

ከዚያ ማመልከቻ የወጣው ሐዘንስ የት ደረሰ? በሚቀጥለው ረቡዕ ልጁ ሌላ አንቀጽ ይዞ መጣ። ኃይለ ቃሉ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ደብተሬን ያይ ነበር።» ቀሪውን የእርሱ ስለ ሆነ አልጽፈውም። አንብቦ ሲጨርስ በክፍሉ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። «ሌላ ቤት ሥሪለት» ብሎ የመለሰውም ይኸው ልጅ መሆኑን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ አንቀጽ መጻፍ ለነጥብ ሲባል የሚጠና ነገር ብቻ አድርገን አንቁጠረው። በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ እንጻፍ፤ ለጓደኛችንም ሰጥተን «በሩ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ማግኘት ካቃተው ጓደኛችንን ሳንቀየም ጽሑፋችንን እንመርምር። ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ የጻፉትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡላችሁ እለምናለሁ፤ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ እንኳ ነገሩ የት ላይ እንደ ተደናገረ በጆሮው ያውቃል። አስተማሪዎቻችንን ደግሞ 232 ደብተር ተሸክመው ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱበት ትዕግሥት በዚህ መጽሔት አማካይነት አመሰግናቸዋለሁ።

የነገዪቱ ኢትዮጵያ ሐኪም፣ ዳኛ፣ መሐንዲስና ነጋዴ የሚወጡት ዛሬ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት መካከል ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን ሁኔታ፣ ዳኛው የፍርዱን ምክንያት፣ መሐንዲሱም የድልድዩን ጉድለት በአንቀጽ ይጽፋሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ያን ጽሑፍ የሚያነብ፣ ኑሮው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ሰው አለ። ለዚያ ሰው በር ከፍቶ መጠበቅን ከአሁኑ እንልመድ።