ከጅቡቲ እስከ ገፈርሳ

የጥንት ሰው በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ሲጠየቅ «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ወይም «የወር መንገድ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር እንጂ በክንድ ወይም በምዕራፍ አይቈጥርም። ዳኛም ለባለጉዳይ ቀጠሮ ሲሰጥ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ መንገዱን ያላገናዘበ ቀጠሮ ባለጉዳዩ ሳይደርስ ያስፈርድበታልና።

ክቡራን አንባቢያን ሆይ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ አልፎ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ገፈርሳን ያገኛል። ዛሬ ቦታው የሚታወቀው ለከተማው የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው ግድብ ነው። ዳሩ ግን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ ያረፈው በገፈርሳ ነበር። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ፣ ነጂውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በንጉሥነት የነበሩት ተፈሪ መኰንን ናቸው።

የዚያን ቀን ነገር ለመረዳት ባቡሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ባቡሩም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር፤ ይህም ሳምንታት ከሚፈጀው የግመልና የበቅሎ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር እንደ ተአምር የሚቈጠር ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ስላለበት አቀበቱን ፊት ለፊት ሊደፍረው አልቻለም፤ እየተጠማዘዘ ቀስ በቀስ ይወጣል። ተራራውና ገደሉ ሳይቈጠር በቀጥታ ቢለካ ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 560 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ርዝመት የመሬቱ ጠባይ ያመጣው ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን ይህን ቀጥታ መንገድ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይፈጽመዋል። እንዲህም ሆኖ የሦስት ቀን መንገድ የሦስት ሰዓት ሆነ።

ኋላ የአይሮፕላኑ ሜዳ ወደ ከተማው ቀርቦ ልደታ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። ያ ዘመን ለኮልፌ ሰው መልካም ነበር፤ ልደታ ጎረቤቱ ነውና። በ1950ዎቹ ግን ለጄት አይሮፕላን ረጅም ሜዳ ስላስፈለገ ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ቦሌም ከኮልፌ ሲታይ የከተማው ማዶ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የቀድሞውን ሦስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን ገደማ አውርዶታል። በአየር የሚሄደው ደግሞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ጊዜ ይበቃዋል። ነገር ግን ከነቤተ ሰቡ ከኮልፌ የሚነሣ አባወራ ሒሳቡን እንዲህ ብቻ ቢይዝ ይሳሳታል። ጠዋት በ12 ሰዓት ከቤቱ ቢወጣ፣ የመኪናው ብዛት መንገዱን ዘግቶት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ለጓዝና ለፓስፖርት ምርመራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በርሮ ጅቡቲ ከተማ ሲገባ ቀኑ እኩል ይሆናል። ከስድስት ሰዓት ያህል ጉዞ በሰማይ ያሳለፈው አንዱን ብቻ ነው። በላይ ባሰላነው ፍጥነት ከሆነ፣ ያ አሮጌ ፖቴዝ ነዳጅ ካልጐደለው በዚሁ ጊዜ ከጅቡቲ ገፈርሳ ደርሶ ይመለስ ነበር።