10 ያገኘው ማን ነው?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ የገጠመኝን ነገር ለእናንተ ለእጩ መምህራን ጓደኞቼ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ20 የሚታረም የሒሳብ ፈተና ሰጠሁ። ተማሪዎቹ 40 ናቸው። አርሜ፣ ደምሬ፣ ለ40 ባካፍለው አማካዩ 10 ሆነ። «እንግዲያው ክፍሉ መካከለኛ ነው» አልኩና ለመካከለኛ ተማሪ የሚሆን ትምህርት አዘጋጅቼ ገባሁ። አስተምሬ ስጨርስ አማካዩን ነገርኳቸው። ይኼኔ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ 10 ያገኘው ማን ነው?» አለችኝ።

ወረቀቱን አገላበጥኩ። ማንም የለም! 20ዎቹ ከ15 በላይ፣ 20ዎቹ ከ5 በታች ናቸው። እሷ ራሷ ያገኘችው 3 ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» እንዲሉ፣ ክፍል ውስጥ ለሌለ ተማሪ ሳስተምር ዋልኩ።

በጣም አፈርኩ። ምክንያቱም እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሚን፣ የሚዲያንና የሞድን ፎርሙላ እንደ ዳዊት እደግም ነበር። ቁጥሩ ምን እንደሚናገር ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ተማሪ በየደረጃው ሊደርስበት ይገባል የምለውን ላቅርብ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ መረጃ ሰብስቦ፣ በሰንጠረዥ አስፍሮ፣ ግራፍ ስሎ ያየውን በራሱ ቃል ያስረዳ። እኔም ያንን ማርክ በግራፍ ስዬው ቢሆን ኖሮ ሁለት ቦታ መከመሩን ወዲያው አይ ነበር።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ የትኛው አማካይ መቼ እንደሚበጅ ይለይ። ዘጠኝ ሰዎች በወር 5 ሺህ ብር፣ አንዱ 105 ሺህ ብር ቢያገኙ፣ ሚኑ 15 ሺህ፣ ሚዲያኑ 5 ሺህ ነው። የብዙዎቹን ኑሮ የሚናገረው የቱ ነው?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስርጭትን ይወቅ። የእኔን ክፍል ሚዲያንም ባላዳነው ነበር፤ እሱም ያው 10 አካባቢ ነው። ሬንጅና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ስለ ናሙና አውቆ፣ የሰማውን ቁጥር ይመርምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ሁሉ «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» ብሎ ፈረደ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ግን «ከስንቱ? በየትኛው ትምህርት? በየትኛው አካባቢ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይፈርድም።

ጓደኞቼ! ነገ ሁላችንም ማርክ እንሞላለን፣ አማካይ እናወጣለን። አማካዩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት የልጅቷን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። እኔ በማግስቱ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ፣ ከ3 ጀምሬ አስተማርኩ።