ከሞላው ሥር ያስቀመጥኳት ሮንዴላ

አንድ ሾፌር እንጀራውን ያጣው በእኔ ውሸት ነው። ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ለባለመኪናው «ውሃ ሳያይ ነድቶት ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። የመካኒክ ቃል ነውና ማንም አልተከራከረኝም፤ ከሾፌሩ በቀር።

መኪናዋ ፒካፕ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ ዋን ኤችዜድ የሚባለው፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ፒስተን፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ባለቤቷ የአርጆ ቡና ነጋዴ ናቸው። ከዴዴሳ ሸለቆ ቡና ተጭኖባት የአርጆን ዳገት ትወጣና ወደ ነቀምቴ ትዘልቃለች። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች መውጣቷ አንገሸገሻቸውና «ልጄ፣ ቱርቦ አይገጠምላትም ወይ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። አርጆ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፤ አየር በራሱ የሚስብ ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ፣ 4,300 ሜትር ላይ አውጥቶ የፈተነው ይህንኑ ለማሳየት ነው። ሜዳ ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ሆነ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ወደ 356 ተመለሰ። ቱርቦ ለደጋ አገር የሚሆን ነገር ነው። ጥፋቱ ከእኔ እጅ የመጣ ነው።

ቱርቦውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዛሁት። የጭሱን ማኒፎልድ ቆርጬ ለብቻው ቧንቧ በየድኩና ውጪኛውን ዌስትጌት አሰርኩበት። ይህችን ዕቃ ላላየ ሰው ልግለጻት። ቱርቦ የሚሽከረከረው በሞተሩ ጭስ ነው፤ በተሽከረከረ ቁጥር አየር ይጨምራል፣ አየሩና ናፍጣው ሲበዛ ጭሱም ይበዛል፣ ጭሱ ሲበዛ ቱርቦው ይብስበታል። ዌስትጌት የዚህ ልጓም ናት። ውስጧ ቫልቭ አለ፣ ቫልቩን ተጭኖ የሚይዝ ሞላ አለ፣ ከቱርቦው የአየር መውጫ የሚመጣ ቀጭን ጎማም አለ። የአየሩ ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ ቫልቩ ይከፈትና ትርፉ ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ ወደ ማርሚታ ይሄዳል።

አርጆ ላይ 0.25 ባር ግፊት ቢጨመር ሞተሩ የባሕር ጠረፍ አየር አገኘ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ከመጀመሪያውም የ0.5 ባር ሞላ አስገባሁ። እሳቸው ተደሰቱ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሰው «ትንሽ ጨምርላት» አሉኝ። ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ዌስትጌቷን ፈትቼ ከሞላው ሥር ሮንዴላ አስቀመጥኩ፤ ሞላው ተጨቁኖ ቫልቩ ዘግይቶ እንዲከፈት። የናፍጣ ፖምፓውንም ብሎን ጨመርኩ።

የማውቀውን ነው የተላለፍኩት። ዋን ኤችዜድ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ያምቃል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ያለውን ዋን ኤችዲቲ ሲሠራ እምቅታውን ወደ 18.6 አውርዶታል፣ የማቃጠያ ክፍሉንም ለውጦታል፣ ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት እየረጨ ያቀዘቅዛል። እኔ ከዚህ አንዱንም ሳልነካ አየርና ናፍጣ ጨመርኩበት። ናፍጣ ሞተር ላይ ናፍጣ በጨመርክ ቁጥር ሙቀት ትጨምራለህ፤ ፒስተኑ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፣ ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከቱርቦው በፊት የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ መግጠም ነበረብኝ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ሰለቸኝና ተውኩት።

የሞከርኳትም ባዶዋን፣ ከነቀምቴ አርጆ ነው። ዴዴሳ ድረስ አልወረድኩም። የዌስትጌት ሞላ ግፊቱን የሚለካው ከውጪው አየር አንጻር ነው፤ ሸለቆው ውስጥ የውጪው አየር ይወፍራል፣ ስለዚህ ያው ሞላ ሞተሩ ውስጥ ከአርጆው የበለጠ አየር ያጭቃል። ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት፣ ቡናው ከላይ፣ የሾፌሩ እግር እስከ መጨረሻው ወርዶ።

መኪናዋ ከዚያው ዳገት ተጎትታ መጣች። ቴስታታውን ሳነሳ የአንዱ ፒስተን አናት ጠርዙ ላይ ቀልጦ ተበስቷል። ጋስኬቱ ደኅና ነው፣ ቴስታታው አልተጣመመም፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ የጨረሰ ሞተር እንዲህ አይሆንም። ማንም ሳያየኝ ዌስትጌቷን ፈታሁ፣ ሮንዴላዋን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ መልሼ አሰርኩ።

ሾፌሩ «ሙቀቱ መሃል ላይ ነበር፤ ዓይኔን ከመለኪያው አላነሳሁም» እያለ ማለ። እውነቱን ነበር። ያ መለኪያ የውሃውን ሙቀት ነው የሚያሳየው፤ ፒስተኑ ሲቀልጥ ውሃው ገና ደኅና ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ልጁን በዚያው ቀን አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ አርጆ ውስጥ መኪና የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ «ሞተር ያነደደው» ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ ለባለመኪናውና ለሾፌሩ ሁለቱም ባሉበት እውነቱን ነገርኳቸው። «ኦቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጁ አልዋሸም» አልኩና የሠራሁትን በሙሉ ዘረዘርኩ። የሞተሩን ዋጋ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። የልጁን ያለ ሥራ የባከነ ጊዜ ግን በምን እንደምከፍለው አላውቅም። እሳቸው ብዙ ተናገሩኝ፤ ይገባኛል። ልጁ ግን አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ዳገቱ ላይ እግሬን ባነሳ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር» አልኩት። «ግን እግርህን አንሳ የሚልህን መለኪያ እኔ አልገጠምኩልህም።»