ዝናቡ እነሱ ቤት አይዘንብም?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አልጽፍም፤ አንድ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

በበልግ መጀመሪያ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ቀበሌያችን መጥተው ነበር። "ሃያ አባወራ ምረጥልን" አሉኝ። እኔም የመሬት ይዞታ መዝገቡን ከፈትኩና ስብሰባ የማይቀሩትን፣ ስልክ የሚያነሱትን ሞዴል አርሶ አደሮች ጻፍኩ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ፤ ደስም አለኝ።

ከዚያ ሆሳዕና ገበያ ላይ ጀበና የሚሸጡ አንዲት እናት ጠሩኝ። የኛው ቀበሌ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ስለ ዝናብ ሲጠይቁ ነበር አሉ። እኛንስ? ዝናቡ እኛ ቤት አይዘንብም?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሸክላ ሳይደርቅ ዝናብ ከመታው ይፈርሳል። እሳቸው እንደነገሩኝ ድሮ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐዩን ያምኑት ነበር፤ አሁን ግን ድንገት ይዘንብና የሳምንት ሥራ ጭቃ ይሆናል። እህል የሚሸምቱት ደግሞ ሸክላውን ሸጠው ነው። ይሄ ከሃያዎቹ መልስ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ባለ መሬት ናቸውና የመለሱት ስለ ማሳ ብቻ ነው። ጥናቱ ወረዳ ሲደርስ ውሳኔውም የማሳ ብቻ ይሆናል።

በሐዲያም በከምባታም ሸክላ ሠሪዎችን የምንጠራበትን ስም ታውቃላችሁ። ስድብ ስላደረግነው እዚህ አልጽፈውም። አብረናቸው አንበላም፣ አንጋባም፤ ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም። መሬት የሌለው መዝገብ ላይ የለም። መዝገቡን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።

ሴቶችም ቢሆኑ ከሃያው ሁለት ብቻ ነበሩ። እንሰት ፍቆ ቆጮ የሚያወጣው ማን ነው? ጓዳው ሲጎድል ቀድሞ የሚያውቀውስ?

2000 ዓ.ም. ትዝ የሚላችሁ አላችሁ፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። በልጉ ቀረ፣ ስኳር ድንቹ ጠፋ። ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ማሳውን አለመለመው፤ ልጆች ግን በረሃብ ይጎዱ ነበር። በመኪና የሚያልፍ ሰው ጥጋብ ነው የሚመስለው። "አረንጓዴ ረሃብ" የተባለው ለዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ እኚያ እናት ቤት ሄጄ ቡና ጠጣሁ። በአጥር በኩል ያየኝ ጎረቤት ፊቱን አዞረብኝ፤ ይዙር።

አጥኚዎቹ ለሁለተኛ ዙር እንመለሳለን ብለዋል። ዝርዝሩን እንደገና እየሠራሁ ነው። በአካባቢያችሁ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ አልፊ ወይም ብረት ቀጥቃጭ ካለ፣ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልክ ከሌላቸው ሰፈሩን ብቻ ንገሩኝ፤ እኔው እሄዳለሁ።