ያልጠረጠረ ተመነጠረ... የጠረጠረስ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ማኪያቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ «ይሄ ነገር ከጀርባው ሌላ ጉድ አለው» ሳይባል ያለቀ ጨዋታ ታስታውሳላችሁ? እኔ አላስታውስም። ስኳር ሲጠፋ ሴራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሴራ ነው፤ ክትባት ሲመጣማ... አይነሳ! አንዳንዱ ሰው ገና ወሬው ሲጀመር «ተዉ እባካችሁ፣ አሉባልታ ነው» ብሎ አፍ ያስይዛል። ሌላው ደግሞ የሰማውን ሁሉ እንደ ወንጌል ይዞ ይሮጣል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። የሴራ ወሬ በሹክሹክታ ከሚዞር ፊት ለፊት ቢወራ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን አወራሩን ማወቅ ይጠይቃል።

ለመሆኑ መጠርጠር እብደት ነው እንዴ? ደርግ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በሕመም ሞቱ ሲል ሰው በየጓዳው «ገድለዋቸው ነው» ይል ነበር። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከወለል ስር ተቆፍሮ ወጣ። ፈረንጆቹስ ቢሆኑ? በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች «እየታከማችሁ ነው» እየተባሉ፣ መድኃኒቱ እያለ ሳይሰጣቸው ይጠኑ ነበር። ያን ጊዜ የጠረጠረ ሰው ልክ ነበር።

የእናቴ አገር ደብረ ወርቅ ነው፤ በብቸናና በሞጣ መሀል። በዚያ አካባቢ ሰው የመንግሥትን ወረቀት በጎሪጥ የሚያይበት ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ መንግሥት «ግብር ብቻ ነው» አለ። የብቸናና የሞጣ ገበሬ ግን «የለም! መሬታችንን ለክተው ርስታችንን ሊነጥቁን ነው» ብሎ ተነሳ። ጦር ዘመተ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። አዋጁ «ርስት ይነጠቅ» አይልም ነበር። ታዲያ ገበሬው አብዶ ነው? አይደለም። ከዚያ በፊትም መሬቱን ለመለካት ተሞክሮበት ያውቃል። ቁጭ ብሎ ጥያቄውን የሰማው ባለሥልጣን ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ያ ሁሉ ጥይት ባልጮኸ ነበር።

አሁን ደግሞ የጥርጣሬን ሌላ ፊት እዩ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም ላይ ሁለት ተመራማሪዎች ተገደሉ። የመጡት ለጤና ጥናት ነበር። «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝብ ተነስቶ ወጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እዚህ ላይ ግን የሞተው ወሬውን የሰማው አይደለም፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። አክስቴ ከደብረ ወርቅ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ መርፌው ማህፀን ያደርቃል አሉ። ልጅቱን ከትምህርት ቤት ላስቀራት ነው። ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። ብስቅባቸው ስልኩን ዘግተው እንደሚያስቀሯት አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ማን ነገረዎት?»

«ጎረቤቴ ናት።»

«እሷስ ከማን ሰማች?»

«ከገበያ።»

«ክትባቱ እኮ ገና ዘንድሮ መጀመሩ ነው። የ14 ዓመት ልጅ መካን መሆኗን በዚህች ጊዜ ማን አወቀ?»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሱስ እውነትህን ነው...» አሉ።

ፍርሃታቸውን ሳይደብቁ የጤና ኤክስቴንሽኗን ፊት ለፊት እንዲጠይቋት ነገርኳቸው። ቡና አፍልተው ጠሯት፤ ጎረቤቶችም መጡ። «ለምን ለሴት ብቻ? ለምን በ14 ዓመት?» እያሉ አፋጠጧት። ልጅቷም አልተቆጣችም። በሽታው የሴት መሆኑን፣ አምጪው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ ክትባቱ ቀድሞ መሰጠት እንዳለበት አስረዳች። ያላወቀችውን «ጠይቄ እመጣለሁ» አለች። የአክስቴ ልጅ ተከተበች። ጎረቤቲቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም፤ ልጃቸውን አላስከተቡም። ማውራት ሁሉን አያሳምንም። ቢሆንም የጤና ኤክስቴንሽኗ ቡናዋን ጠጥታ በሰላም ወደ ቤቷ ሄደች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

እንግዲህ እናንተም በየካፌው ስታወሩ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንድ ወሬ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ ይለምደዋል፤ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል። «ለጨዋታ ያህል ነው» ብላችሁ በጥያቄ ያነሳችሁት ነገር ከጠረጴዛው ሲነሳ የጥያቄ ምልክቱን ጥሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ ስታቀርቡለት «አንተም ከነሱ ነህ ማለት ነው» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትድከሙ፤ ሂሳብ ከፍሎ መነሳት ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ወሬው «ምን ተደረገ?» ከሚለው ወጥቶ «እነዚያ ናቸው» ወደሚለው ሲሻገር፣ ጣት ወደ አንድ ሰው፣ ወደ አንድ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሲቀሰር፣ እዚያው ላይ አቁሙት። ሌላ ምንም ባትሉ «ማን አየ?» በሉ። ራሳችሁንም «ይሄ ነገር ውሸት ቢሆን በምን አውቃለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላችሁ ይዛችሁት አትሩጡ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ብለዋል አበው። እውነት ነው፣ ይገኛል። ስንጥሩን ለማግኘት ግን ገንፎውን አገላብጦ ማየት ነው እንጂ ያገነፋችውን ሴት መደብደብ ምን አመጣው?