ቦቢና ውሮዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፣ ውሻ ደግሞ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገሬ ሰው። ሁለቱን በአንድ ቤት አኑር ሲባል ግን ተረት ብቻ አያዋጣም ወዳጄ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ካረፉ በኋላ አያቴ ቤቷን ለቃ እኛ ጋር ገባች። ብቻዋን መሰላችሁ? የአባባን ውሻ ቦቢን አስከትላ! እኛ ደግሞ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግቢ ብሎ ነገር የለም። በዚያ ላይ እናቴ ሁለት ድመቶች አሏት።

«እማዬ፣ ውሮዎቼን የሚነካ ውሻ እዚህ ቤት አያድርም» አለች እናቴ።

አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እሱ የማያድርበት ቤት እኔም አላድርም ልጄ» አለቻት።

እኔ ሽማግሌ ሆኜ ተሾምኩላችኋ!

ሽምግልና ደግሞ ባለጉዳዮቹን በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት አያፋጥጥም። መኝታ ቤቴ ከነምግባቸውና ከነአሸዋ ሳህናቸው ለውሮዎቹ ተወረሰ። ቦቢ ሳሎን ሆነ። ከዚያ ቦቢን በጨርቅ አሽቼ ጨርቁን ከድመቶቹ ሳህን አጠገብ አኖርኩ፤ የእነሱንም ለእሱ። እንስሳት ከመተያየታቸው በፊት በጠረን ይተዋወቃሉ።

ከመገናኘታቸው በፊት ሦስቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከተቡ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰፈርም አለን። በሽታው ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻም ሆነ ድመት ቢነክሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሲገናኙ ቦቢ በገመድ ታስሮ ነበር። ውሻ የሚሮጥ ነገር ካየ ማባረር ተፈጥሮው ነው። ድመቶቹን አይቶ ዓይኑን በመለሰ ቁጥር ቁራሽ ሥጋ ጎረሰ። ድመቶቹ ደግሞ ማምለጫ ከፍታ ያስፈልጋቸዋል፤ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍንላቸው።

ትልቁ ጠብ ግን የቋንቋ ነው። ውሻ ጭራውን ሲቆላ ብዙውን ጊዜ ደስ ብሎት ነው። ድመት ጭራዋን ግራ ቀኝ ስታወናጭፍ «ወግድልኝ!» ማለቷ ነው። ቦቢ ይህ እስኪገባው አፍንጫውን ሁለት ጊዜ ተቧጭሯል።

ትንሿ ውሮ በሦስተኛው ሳምንት አጠገቡ ተኛች። ትልቋ እስከ ዛሬ ከቁምሳጥን አትወርድም፤ እሱም አይነካት፣ እሷም አትነካው። ይህም እርቅ ነው። ፍቅር በግድ አይሆንም፣ ሰላም ግን በትዕግሥት ይገኛል።

አያቴ ለቦቢ የምትሟገተው ውሻ ስለምትወድ እንዳይመስላችሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን እየጠጡ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነበር። አሁን እሷ ታወራዋለች። እናቴም ይህን ካየች ወዲህ ስለ ማደሪያው አንስታ አታውቅም። እንዲያውም ሰሞኑን ሥጋ ስትከትፍ ትራፊውን በሦስት ሳህን ስትደለድል አይቻታለሁ።

ቸር እንሰንብት!